ቃጭል የሌላት ላም፦ የአልሞዶቫር «የምሥጢሬ አበባ» እና የመርዶ ጥበብ

፩

ስለ ስፔናዊው የፊልም ደራሲና አዘጋጅ ስለ ፔድሮ አልሞዶቫር በተነሣ ቁጥር፣ ሁለት አልሞዶቫሮች እንዳሉ ተደርጎ ሲነገር እንሰማለን። አንደኛው፣ ጄኔራል ፍራንኮ ከሞተ በኋላ በማድሪድ ጎዳናዎች የፈነዳው የነጻነት ጭፈራ ልጅ ነው፤ ሳቂተኛ፣ አፈንጋጭ፣ ቀይና ቢጫ ቀለምን እንደ ልቡ የሚያፈስ። ሁለተኛው «ስለ እናቴ ሁሉንም» (1999) እና «አነጋግራት» (2002) የተባሉትን ፊልሞች የሠራው፣ ሽልማት የተደረደረለት፣ ኀዘንን ጠንቅቆ የሚያውቅ የበሰለ ሰው ነው። በሁለቱ መካከል ምን ተፈጠረ ተብሎ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ አብዛኛውን ጊዜ «ዕድሜ ነዋ!» የሚል ነው። በበኩሌ ይህ መልስ አያጠግበኝም። ዕድሜ ያልለወጣቸው አርቲስቶች ስንትና ስንት ናቸው! ለውጡ የተከሰተበትን ቦታ በጣት ማመልከት ይቻላል ባይ ነኝ። ይኸውም በ1995 የወጣው «የምሥጢሬ አበባ» ነው። አልሞዶቫር እስከ 2024 ድረስ ከሠራቸው 23 ረጃጅም ፊልሞች መካከል በተራ ቁጥር 11ኛው ስለሆነ፣ በሥራው ዘመን መካከል ላይ የቆመ ምሰሶ ነው ብንል አንሳሳትም። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ይህን የምጽፈው ሲኒማን በሙያ ያጠናሁ ሰው ሆኜ አይደለም። ሐኪም ነኝ፤ የምሠራውም በጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ ነው። የስፓኒሽ ቋንቋ የደረሰኝ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ወደ ኩባ፣ ወደ ወጣቶች ደሴት ከተላኩት ኢትዮጵያውያን ልጆች አንዱ በመሆኔ ነው፤ ሕክምናንም የተማርኩት በዚያው ቋንቋ ነው። ስለዚህ የአልሞዶቫር ሰዎች ሲጨቃጨቁም ሆነ ሲያለቅሱ ያለ አስተርጓሚ እሰማቸዋለሁ። ስለዚህኛው ፊልም እንድጽፍ ያነሣሣኝ ግን ከቋንቋው ይልቅ ሥራዬ ነው። ፊልሙ የሚጀምረው ሐኪም ሁሉ በሚፈራው ቦታ፣ ማለትም ለእናት የልጇን ሞት በሚነግሩበት ክፍል ውስጥ ነው።

፪

አልሞዶቫር በ1949 በላ ማንቻ ምድር፣ ካልሳዳ ዴ ካላትራቫ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። በወጣትነቱ ወደ ማድሪድ መጥቶ ዐሥራ ሁለት ዓመታት ያህል በቴሌፎኒካ፣ በስልክ ኩባንያው፣ የቢሮ ሠራተኛ ሆኖ ሲያገለግል፣ በትርፍ ጊዜው በትንሽ ካሜራ አጫጭር ፊልሞች ይሠራ ነበር። የመጀመሪያው በየሲኒማ ቤቱ የታየ ረጅም ፊልሙ በ1980 ወጣ፤ በ1988 ደግሞ «በነርቭ ቀውስ አፋፍ ላይ ያሉ ሴቶች» በተሰኘው ኮሜዲ ከስፔን ውጭም ስሙ ገነነ። በእነዚያ ዓመታት የነበረው ኃይል ፍጥነቱ ነው። ተመልካቹ በአንዱ ነገር ደንግጦ ሳያበቃ ሁለተኛው ይከተላል፤ ለማዘን ፋታ የሚያገኝ ሰው የለም።

የዚህ ስልት ጫፍ በ1993 የወጣው «ኪካ» ነው። በዚያ ፊልም ውስጥ አንዲት የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ፣ ካሜራ ራሷ ላይ እንደ ቆብ ደፍታ፣ የሰው መከራ ፍለጋ ከተማውን ታስሳለች። የኪካ መደፈር እንኳ ተቀርጾ ለሕዝብ ይታያል፤ አልሞዶቫርም ያንን ትዕይንት ለማሳቅ ተጠቅሞበታል። ብዙዎች ወቀሱት፤ ወቀሳውም ተገቢ ነበር እላለሁ። የፊልሙ ሐሳብ የሰውን ሥቃይ ለትርኢት የሚያውለውን ቴሌቪዥን መተቸት ሆኖ ሳለ፣ ፊልሙ ራሱ ያንኑ ሲፈጽም እናያለን።

ከሁለት ዓመት በኋላ የወጣው «የምሥጢሬ አበባ»ም የሚጀምረው በካሜራና በሰው ሥቃይ ነው። ሁለት ወጣት ሐኪሞች ከአንዲት እናት ፊት ተቀምጠዋል። ልጇ አንጎሉ እንደ ሞተ ሊያስረዷት ይሞክራሉ። እሷ ግን ልጄ እየተነፈሰ ነው ትላለች። የሚተነፍስለት መሣሪያው ነው ይሏታል። ቃላቱ ትክክል ናቸው፤ ግን አይገቧትም። ከዚያ የልጁን አካል ክፍሎች ለሌሎች በሽተኞች ትለግስ እንደሆነ ይጠይቋታል። ልባችን ተሰቅሎ ስንጠብቅ ምስሉ ይለወጥና ነገሩ ሁሉ ልምምድ መሆኑን እንረዳለን። እናቲቱ ማኑዌላ የተባለች ነርስ ናት፤ የሚቀረጸው ለሐኪሞች ማሠልጠኛ ነው፤ ሴሚናሩን የምትመራው ደግሞ ቤቲ የተባለች የሥነ ልቦና ባለሙያ ናት።

የ«ኪካ»ን ካሜራና የዚህን ካሜራ ልዩነት ልብ እንበል። መሣሪያው ያው ነው፤ የሚቀርጸውም ያው የሰው ሥቃይ ነው። የመጀመሪያው ግን መከራን የሚያድነው ለተመልካች ሊሸጠው ነው፤ ሁለተኛው የሚቀርጸው ሐኪሞች ራሳቸውን ተመልክተው እንዲታረሙ ነው። አልሞዶቫር ስልቱን የለወጠው ማስመሰልን በመተው አልነበረም። የማኑዌላ ለቅሶ ማስመሰል ነው፤ እኛን ግን እውነቱን ያህል ነክቶናል። አዲሱ ነገር ማስመሰሉ ለምን እንደሚያገለግል መጠየቁ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ሕክምናው ጥቂት ማለት ይገባኛል። የአንጎል ሞት የሚባለው ጽንሰ ሐሳብ በሰፊው መሠረት የያዘው በ1968 አንድ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ኮሚቴ መመዘኛውን ካወጣ ወዲህ ነው። አንጎል ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ሥራውን ሲያቆም ሰውየው ሞቷል፤ ነገር ግን መሣሪያው አየር ስለሚያስገባለት ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ልቡ ይመታል፣ እጁ ሲዳሰስ ይሞቃል። ለቤተሰብ ከዚህ የከበደ ነገር የለም። ዓይን የሚያየውና ጆሮ የሚሰማው አይገናኙም።

ስፔን ብሔራዊ የንቅለ ተከላ ድርጅቷን ያቋቋመችው በ1989 ነበር። በዚያን ጊዜ ከሞት በኋላ አካላቸው የተለገሰ ሰዎች ከአንድ ሚሊዮን ሕዝብ 14 ገደማ ነበሩ። ከ1992 ጀምሮ አገሪቱ በዚህ ረገድ ከዓለም አንደኛ ሆነች፤ በ2019 ቁጥሩ 49 ገደማ ደርሶ ነበር። ብዙ ሰው ምክንያቱ ሕጉ ይመስለዋል። እርግጥ በ1979 የወጣው ሕግ፣ ሟች በሕይወት ሳለ ካልተቃወመ ፈቃደኛ እንደነበር ይቆጥረዋል፤ በተግባር ግን ቤተሰብ ሳይጠየቅ አንድም ነገር አይደረግም። ለውጤቱ ትልቁን ድርሻ ያበረከተው በየሆስፒታሉ ለዚሁ የተመደበ አስተባባሪ ሐኪም መኖሩና፣ ኀዘንተኛን ማነጋገር እንደ ቀዶ ሕክምና ሁሉ የሚጠና ሙያ ሆኖ መቆጠሩ ነው። አልሞዶቫር ያሳየን ሴሚናር እንግዲህ ከአየር ላይ የተፈጠረ አይደለም።

፫

ከዚህ ትዕይንት በኋላ ፊልሙ ወደ ሌላ ታሪክ የሚሻገር ይመስላል። ሌዮ (ማሪሳ ፓሬዴስ) በአማንዳ ግሪስ የብዕር ስም ብዙ የተሸጡ የፍቅር ልብ ወለዶችን የምትጽፍ ደራሲ ናት። ባሏ ፓኮ የጦር መኮንን ነው፤ ብራስልስ ተቀምጦ ስለ ቦስኒያ ሰላም ይሠራል፤ የራሱን ቤት ሰላም ግን ሸሽቷል። ሌዮ እሱ የሰጣትን ጠባብ ቦት ጫማ አድርጋ ማውለቅ ያቅታታል፤ የሚያወልቅላት እሱ ነበርና። ከተማውን አቋርጣ ቤቲ ሴሚናር ወደምትመራበት ቦታ ትሄድና ጫማውን ጓደኛዋ ታወልቅላታለች። በዚህ አስቂኝ ምክንያት ሁለቱ ታሪኮች በአንድ ክፍል ውስጥ ይገናኛሉ።

ፊልሙን ደግሞ ያየ ሰው የመጀመሪያው ትዕይንት የፊልሙ ሁሉ ቁልፍ መሆኑን ይረዳል። የሌዮና የፓኮ ትዳር ሞቷል። የሚተነፍሰው በመሣሪያ ነው፤ በስልክ ጥሪ፣ በእረፍት ቀን ተስፋ፣ በጠበበ ጫማ። ሌዮም እንደዚያች እናት «እየተነፈሰ ነው» ትላለች። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ የፓኮ ውሽማ ቤቲ መሆኗ ነው። ሐኪሞችን መርዶ መንገር የምታስተምረው ባለሙያ ለቅርብ ጓደኛዋ የራሷን መርዶ መንገር አቃታት።

መርዶ የሚለውን ቃል የተጠቀምኩት በአጋጣሚ አይደለም። በእኛ ዘንድ መርዶ ሥርዓት አለው። ዘመድ ወዳጁ ሁሉ አስቀድሞ ይሰማል፤ ባለቤቱ የሚሰማው መጨረሻ ላይ ነው። ሽማግሌዎች ተጠራርተው በማለዳ፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ በሩ ላይ ይደርሳሉ። በስደትም ቢሆን ይህን አልተውነውም፤ «ገና አልሰማምና አደራ እንዳታወሩ» እየተባባልን ስልክ እንደዋወላለን፣ ሰውየው ከሥራ የሚያርፍበትን ቀን እንጠብቃለን። እኔ የተማርኩት ሕክምና የሚያዝዘው ደግሞ ሌላ ነው፦ ሳትዘገይ ንገር፣ «ሞቷል» የሚለውን ቃል አትሸሽ፣ ከተናገርክ በኋላ ዝም በል። ሁለቱ የሚቃረኑ ይመስላሉ። በሥራዬ ደጋግሜ እንዳየሁት ግን አንድ ነገር ያገናኛቸዋል፤ ይኸውም ሰው ክፉውን ዜና ብቻውን ሆኖ እንዳይሰማ መጠንቀቅ ነው። የፊልሙ ወጣት ሐኪሞች የጎደላቸው ዕውቀት አልነበረም። ቸኩለዋል።

አልሞዶቫርም በዚህ ፊልም መቸኮልን ተወ። የስልቱ ለውጥ በአንድ ቃል ይጠቃለል ከተባለ፣ መጠበቅን ተማረ እላለሁ። ቀለሙ አልጠፋም፤ ቀዩና ሰማያዊው እንደ ወትሮው ደማቅ ነው። ሳቁም አልጠፋም፤ የሌዮ እናትና እኅቷ ሮሳ (ቹስ ላምፕሬአቬ እና ሮሲ ዴ ፓልማ) በፓርላ መንደር በጠባብ አፓርታማቸው ውስጥ በጥቃቅኑ ሁሉ ሲጨቃጨቁ ተመልካች በሳቅ ይፈርሳል። የተለወጠው ጊዜው ነው። ካሜራው ሰው ከተናገረ በኋላ ፊቱ ላይ ይቆያል። ከዚህ ፊልም ጀምሮ አብሮት የዘለቀው አልቤርቶ ኢግሌስያስ የጻፈው ሙዚቃም ኀዘንን አያስጮኽም።

ፓኮ ለጥቂት ሰዓት ብቻ ወደ ቤት የመጣበትን ትዕይንት እንውሰድ። ባልና ሚስቱ ሲሳሳሙ የምናያቸው በብዙ ቁርጥራጭ በተከፋፈለ መስተዋት ውስጥ ነው፤ አንድ ሙሉ ፊት አይታየንም። ከዚያ ጠቡ ይመጣል። ፓኮ ሊሄድ ሲል ሌዮ፣ ጥቂት እንኳ ቢሆን ትዳራችን የሚድንበት ዕድል አለ ወይ ብላ ትጠይቀዋለች። ይህ ቤተሰብ ሁሉ በጽኑ ሕሙማን ክፍል በር ላይ የሚጠይቀኝ ጥያቄ ነው። የለም ይላታል። መልሱ አጭርና እውነት ነው፤ ነገር ግን ተናግሮ ይሄዳል፣ ብቻዋን ይተዋታል። መርዶ ነጋሪ ከዚህ የባሰ ጥፋት ሊፈጽም አይችልም።

ሌዮ እንክብሎች ትውጥና ትተኛለች። የሚያነቃት ሐኪም አይደለም። ስልኩ ይጮኻል፤ መልእክት መቅጃው ይከፈትና የእናቷ ድምፅ ክፍሉን ይሞላዋል። እናት ስለ ልጃቸው ሁኔታ የሚያውቁት ነገር የለም፤ ከሮሳ ጋር ተጣልቻለሁ፣ ወደ አገሬ ልሄድ ነው እያሉ ያማርራሉ። የቀድሞው አልሞዶቫር ቢሆን ይህን ቅጽበት በሳቅ ወይም በሙዚቃ ያጥለቀልቀው ነበር። እዚህ የምንሰማው የአንዲት አሮጊት ማጉረምረም ብቻ ነው፤ ሌዮም ለዚያ ድምፅ ስትል ትነሣለች። ወጥታ ስትንከራተት ደግሞ ነጭ ጋውን የለበሱ የሕክምና ተማሪዎች የተቃውሞ ሰልፍ ላይ ትደርሳለች። ያ ሁሉ ሐኪም ይከብባታል፤ አንዱም አያያትም። በዚያ ሕዝብ መካከል የሚደግፋት የጋዜጣ አዘጋጁ ወዳጇ አንኸል ነው።

ስለ ሌዮ ድርሰትም አንድ ነገር ማንሣት ያስፈልጋል። በስፓኒሽ የፍቅር ልብ ወለድ «ሮዝ»፣ የወንጀሉ ደግሞ «ጥቁር» ይባላል፤ የብዕር ስሟ «ግሪስ» ማለት ግራጫ ነው። አሳታሚዎቿ በውል አስረዋታል፦ ፍቅር ይኑርበት፣ መጨረሻው ደስ የሚል ይሁን፣ የማኅበረሰብ ችግር አይነካበት። እሷ ግን ሮዙን ልጻፍ ስትል ጥቁር ይወጣታል። አዲሱ ልብ ወለዷ፣ ልጇ ሊደፍራት የሞከረውን አባቷን ስለ ገደለችባት እናት ነው፤ እናቲቱ ሬሳውን ማቀዝቀዣ ውስጥ ትደብቀዋለች። አሳታሚዎቹ በቁጣ ይመልሱታል።

እኛ በስደት የምናትምና የምናነብ ሰዎች ይህን ትዕይንት በሌላ ዓይን ማየት ይገባናል። የእኛም መደርደሪያ በሮዝ መጻሕፍት የተሞላ ነው፤ ቡናው የሚጤስበት፣ ክረምቱ የሚያባራበት፣ ሰው ሁሉ ደግ የነበረበት አገር የሚተረክባቸው መጻሕፍት። ትዝታን አልነቅፍም፤ ያለ እሱ ብዙዎቻችን ባልቆምን። ነገር ግን ትዝታ እንደ መተንፈሻ መሣሪያ ሆኖ፣ የሞተውን ነገር ሕያው ሊያስመስል ይችላል። ውል አስሮ የሚያስጽፈን አሳታሚ ባይኖርም፣ መርዶውን የሚፈራ አንባቢ ይኖራል፤ ደራሲውም ያንን አንባቢ ይፈራል። እንዲህ ያለው መጽሐፍ «ገና አልሰማምና አደራ» የሚለውን ልማድ ለዘለዓለም ያራዝመዋል።

፬

ታዲያ በፊልሙ ውስጥ መርዶን በትክክል የሚናገር ማነው? እናቲቱ ናቸው። ሌዮን ይዘው በላ ማንቻ ወዳለው መንደራቸው ይወስዷታል። ሴት ልጅ ባሏ ቢሞትም ሆነ ሌላይቱን ይዞ ቢሄድ፣ ወደ ተወለደችበት መመለስ፣ መሳለም፣ ከጎረቤት ጋር ደጅ መቀመጥ አለባት፤ አለዚያ ቃጭል እንደሌላት ላም ጠፍታ ትቀራለች ይሏታል። ቃጭል ላሚቱን አያስራትም፤ ስትርቅ ወዴት እንዳለች ለሌሎቹ ያሰማል እንጂ። ቀጥሎ በግቢው ውስጥ የመንደሩ ሴቶች ተሰብስበው፣ ክሩን በትናንሽ የእንጨት መጠቅለያዎች እያማቱ ዳንቴል ሲሠሩና ሲዘፍኑ እናያለን። ማንም ሌዮን አያጽናናትም። አብረዋት ይቀመጣሉ፤ የእንጨቶቹ ድምፅ ይሰማል፤ ካሜራውም አብሮ ይቀመጣል። በእኛ አነጋገር ለቅሶ መድረስ ማለት ይህ ነው። በማድሪድ ጫጫታ ስሙን የተከለው አልሞዶቫር ሸሽቶት ወደ መጣው ምድር በፊልም የተመለሰው፣ በሽሙጥ ሳይሆን በጆሮ የተመለሰው፣ እዚህ ላይ ነው።

ፊልሙ እንከን የለበትም አልልም። አንኸል ከመጠን በላይ የተመቸ ሰው ነው፤ ይወዳታል፣ ያስቃታል፣ በአማንዳ ግሪስ ስም መጽሐፍ ጽፎ ከውሏ ነጻ ያወጣታል። የሌዮን የተጣለ ጽሑፍ ሰርቆ ለፊልም ሠሪ የሸጠው የሠራተኛዋ ልጅ አንቶንዮም እጅግ በቀላሉ ይቅርታ ያገኛል። እሱና እናቱ በማይልስ ዴቪስ ሙዚቃ የሚጨፍሩት ፍላሜንኮ በራሱ ውብ ሆኖ ሳለ፣ ከሌላ ፊልም የተቀዳ ይመስላል። በእነዚህ ቦታዎች የቀድሞው አልሞዶቫር ትርኢት ሲናፍቀው ይታያል።

ሆኖም የዚህን ፊልም ክብደት የምንለካው ከእሱ በበቀሉት ነው። በ1999 በወጣው «ስለ እናቴ ሁሉንም» ውስጥ የመጀመሪያው ትዕይንት ተመልሶ ይመጣል። እዚያም ማኑዌላ የተባለች የሆስፒታል ሠራተኛ (ሲሲሊያ ሮት) ያንኑ ልምምድ ትሠራለች፤ ልጇ ኤስቴባን ቁጭ ብሎ ያያታል። ብዙም ሳይቆይ ኤስቴባን በዝናባማ ሌሊት በመኪና ይገጫል፤ ደጋግማ ያስመሰለችውን ነገር አሁን በእውነት የምትሰማው እሷ ትሆናለች፤ የልገሳውንም ወረቀት ትፈርማለች። አልሞዶቫር በዚህ ፊልም በካን የምርጥ አዘጋጅነትን፣ ቀጥሎም በ2000 የባዕድ ቋንቋ ፊልም ኦስካርን ተሸልሟል። ፊልሙን ከሰጠባቸው ሰዎች መካከል የራሱ እናት ይገኙበታል፤ እሳቸውም በዚያው ዓመት ዐረፉ። ሌዮ የጣለችው የማቀዝቀዣው ታሪክ ደግሞ ከዐሥራ አንድ ዓመት በኋላ፣ በ2006፣ «መመለስ» የተባለው ፊልም ዐፅም ሆነ። በልብ ወለዱ ዓለም አሳታሚ ያልተቀበለው ጥቁር ታሪክ በእውነተኛው ዓለም ብርሃን አየ ማለት ነው። በ2024 የቬኒስን ወርቃማ አንበሳ ያገኘው «ቀጣዩ ክፍል»ም ቢሆን፣ በካንሰር የምትሞትን ሴት አንዲት ጓደኛዋ በሚቀጥለው ክፍል ተቀምጣ ስትጠብቃት የሚያሳይ ነው። ቤቲ ያልቻለችውን ያቺ ጓደኛ ቻለችው።

ፊልሞቹን ለማየት ለሚፈልግ አንባቢ ምክሬ፣ «ኪካ»ን፣ «የምሥጢሬ አበባ»ን እና «ስለ እናቴ ሁሉንም»ን በዚህ ቅደም ተከተል እንዲያይ ነው፤ ሦስቱን በሦስት ምሽት። ቹስ ላምፕሬአቬ በ2016፣ ማሪሳ ፓሬዴስ በታኅሣሥ 2024 ዐርፈዋል፤ እናትና ልጅ ሆነው የሚታዩበት ያ የመንደር ጉዞ አሁን ሲታይ ሌላ ክብደት አለው። ሌዮ ከማድሪድ እናቷ መንደር ለመድረስ የጥቂት ሰዓት የመኪና መንገድ ይበቃታል። የእኛ መንደር ይርቃል፤ ለአንዳንዳችንም መንገዱ ተዘግቷል። እናቲቱ ያዘዙት መድኃኒት ግን መንደሩ ብቻ አልነበረም። ከሰው ጋር ደጅ መቀመጥ፣ እጅን ሥራ ማስያዝ፣ ስትርቅ ድምፅሽ የሚሰማበትን ነገር አንገትሽ ላይ ማሰር ነው። ዕድሩ፣ የእሑድ ቡናው፣ በዚህ ቋንቋ የሚታተመው ትንሽ መጽሐፍም ቃጭል ሊሆን ይችላል፤ እውነቱን እስካሰማ ድረስ።